ምሳው እስኪደርስ

የጋሼ ነጎድጓድ ሚስት ሾርባ አልደርስላት ብሎ የግቢው ሰው በሙሉ በበዓል ቀን ጦሙን የዋለበት ዓመት ነበር። ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ለብዙ ጊዜም ለሰው ሳወራው የኖርኩት እንደዚያ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስናገር ነፋስ ያመልጠኛል። የምንኖረው በእንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ውስጥ፣ የሠራተኞች ቤቶች በተደረደሩበት ጥግ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ስለሚጋሩ አንዱ ቤት ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሌላው ቤት ነው። እርጥብ ግንድ፣ ሙጫና ሰጋቱራ፤ የግቢው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሰጋቱራው የማይገባበት ቦታ አልነበረም። አልጋ ውስጥ ይገኛል፣ ጆሯችን ውስጥ ይገኛል፤ እናቴ ዳቦ ከመቁረሷ በፊት ሁልጊዜ እፍ ትልበታለች።

አባቴ የመጋዞቹን ጥርስ የሚስል ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የግቢው ባንድ አለቃ ነው፤ ክላርኔት ይጫወታል። ባንዱ ትልቅ አልነበረም። ትራምፔት የሚነፋው ቀጭኔ የምንለው ረጅም ግንድ ጫኝ ሲሆን የእኛን በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩን ያልተመታበት ቀን የለም። አኮርዲዮኑን የሚይዘው የግቢው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሆዱና አኮርዲዮኑ አንድ ላይ ሲነፉና ሲጎድሉ ማየት እወድ ነበር። ከበሮ መቺው ጋሼ ነጎድጓድ ነው። ነጎድጓድ ያሉት ለቀልድ ነው። ድምፁ ከመለስለሱ የተነሳ ጨው አቀብይኝ ሲል ሚስጥር የሚነግርሽ ይመስላል። ከበሮው ላይ ሲቀመጥ ግን ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው መስታወት ይንቀጠቀጣል።

ልምምዱ እኛ ቤት ስለሆነ ዘፈኖቹን ሁሉ ከነመጨረሻቸው በቃሌ ይዣቸዋለሁ። በተለይ አባቴ ራሱ የደረሰውን «የግቢው ዘፈን» የምንለውን። ክላርኔቱ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሽቅብ ይሄዳል፣ ትራምፔቱ ከላይ ሆኖ ይመልስለታል፣ ከዚያ ከበሮው ዱም ይልና አለቀ።

የጋሼ ነጎድጓድ ሚስት ልብስ ሰፊ ነበረች። እትዬ እላታለሁ። ቤታቸው የበዓሉ መድረክ ከሚሠራበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ያን ሰሞን እትዬ በጣም ወፍራ ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ጋ ለመድረስ እጇን መዘርጋት ግድ ይሆንባታል። እናቴን «እትዬ ምን ሆና ነው?» ስላት «እህል ተስማምቷት ነው» አለችኝ። በቃ፣ ገባኝ። እትዬ ምግብ ወዳለች ማለት ነው።

ሕፃናት ከየት እንደሚመጡማ አሳምሬ አውቅ ነበር። ከክሊኒክ ነው የሚመጡት። እናቴ ክሊኒክ ስለምትሠራ ይህን የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፣ ሕፃን ይዘው ይወጣሉ። ክሊኒኩ ደግሞ በበዓል ቀን ዝግ ነው።

ከበዓሉ በፊት በነበሩት ቀናት ትልልቅ ሰዎች ሬዲዮ ላይ ጆሯቸውን ተክለው ማምሸት ጀምረው ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ስላለው አገር ይወራል፤ እኔ ስጠጋ ወሬው ይቆማል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ሥር ሆኜ አዝራር ስፈልግ ዳቦ ጋጋሪው ገባና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ጥሪው ወጣ» አለ።

«እነማንን ነው?» አለ አባቴ።

«ወጣቶቹን። ቀጭኔ አለበት፣ ነጎድጓድም አለበት። እኔና አንተ ዕድሜያችን አልፏል።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«በበዓሉ ማግስት። መኪና ይመጣላቸዋል።»

አባቴ «የነጎድጓድ ሚስትስ?» ሲል ሰማሁት።

«እሷማ ዛሬ ነገ የምትደርስ ትመስላለች። ሚስትህ ምን ትላለች?»

«ከበዓሉ ያልፋል ነው የምትለው።»

ጥሪ ምን እንደሆነ እኔ አላጣሁትም። ያለፈው ዓመት የመሰንጠቂያው ሥራ አስኪያጅ ልጁን ሲድር ጥሪ ነበረን። ኬክ በልቼ፣ ድንኳን ውስጥ ሮጬ፣ አዲስ ቀሚሴን ቀድጄ ተመልሻለሁ። አሁን ደግሞ እነ ቀጭኔ ሩቅ አገር ተጠርተዋል፤ ጭራሽ መኪና ይመጣላቸዋል። አባቴ ግን በዕድሜ ምክንያት ተዘሏል። አንጀቴን በላኝ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ጉልበቱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ አንተን ያልጠሩህ አርጅተህ ነው?»

«አዎ፣ አርጅቼ ነው።»

«አይዞህ። እኔ ሳድግ እጠራሃለሁ።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዳቦ ጋጋሪው ሳል የያዘው መስሎ ወጣ። በጣም የከፋው መሰለኝና ያን ቀን ከእጄ አንድ ከረሜላ ሰጠሁት።

በበዓሉ ጠዋት ግቢው ሌላ ግቢ ሆነ። መጋዞቹ ዝም ብለዋል። ከአንዱ የግንድ ክምር ወደ ሌላው በተሳበ ገመድ ላይ ባለቀለም ወረቀት ተንጠልጥሏል። ሰው ሲጨፍር አቧራ እንዳይነሳ መሬቱ ላይ አዲስ ሰጋቱራ ተነስንሷል፤ ስንረግጠው አልጋ ላይ የምንሄድ ይመስላል። መድረኩ የተሠራው ገና ካልደረቀ ሳንቃ ስለነበር ሙጫው የቀጭኔን ጫማ ይዞ አላስነሳ እያለ ያስቸግረዋል፤ እኔም ሆን ብዬ ቆሜበት ጫማዬ ቷ እያለ ሲላቀቅ እስቃለሁ።

እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሬን እየጎነጎነችኝ ነበር። ጋሼ ነጎድጓድ በሩ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እናቴ ግን ሰማች። አንዱን ጉንጉን ሳትጨርስ ትታኝ ቦርሳዋን አንስታ ወደ እነሱ ቤት ሄደች። ተከትያት ስሮጥ ሴቶች ከየቤቱ ሲወጡ አየሁ። አንዷ ትልቅ ድስት ተሸክማለች፣ አንዷ ማገዶ።

«ውሃ አፍሉ» አለች እናቴ። «ብዙ ውሃ።»

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

የጎረቤታችን ሚስት ፈጠን ብላ «ሾርባ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለች። «ሂጂ ተጫወቺ። ሲደርስ እንጠራሻለን።»

ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም። እትዬ ምግብ ትወዳለች፣ ሾርባ እየሠራች ነው፣ ሴቶቹ ያግዟታል። እስኪደርስ ሙዚቃ እንሰማለን።

ባንዱ ሞቅ አድርጎ ጀመረ። ግቢው መጨፈር ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ በትልቁ በር ወታደራዊ የጭነት መኪና ገባ። መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ቆሙ፣ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት ቆሙ። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ራሱ ተንጠባጥቦ ቆመ። ከመኪናው አንድ መቶ አለቃ ወረደ። ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘና ሰላምታ ሰጠን።

«ነገ አልነበረም እንዴ?» አለው አባቴ ከመድረኩ ላይ።

«ነገ ነበር፣ ጋሼ። ትእዛዙ ተቀየረ። ሳይመሽ ማድረስ አለብኝ።»

ከሕዝቡ መሃል የግቢው ዘበኛ ወጣ ብሎ «መቶ አለቃ፣ አንዱን ልጅ ብቻ ለነገ ቢተዉልን። ጉዳይ አለው» አለ።

«ለአንዱ ካዘንኩ ለሁሉም ማዘን አለብኝ፣ አባቴ። አንድም ሰው አስቀርቼ መሄድ አልችልም። እባክዎን ጉዳዩን አይንገሩኝ።»

መቶ አለቃው ቀና ብሎ ባለቀለሙን ወረቀት፣ ልጆቹን፣ የሴቶቹን ቀሚስ አየ። «በዓል ላይ መጥቼ ሙዚቃ አቋርጬ ግን አልሄድም። የጀመራችሁትን ዘፈን ጨርሱ። ሲያልቅ እንሄዳለን።»

«ይሄ ዘፈን ሲያልቅ?» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው፣ ጋሼ።»

አባቴ ወደ ባንዱ ዞረ። ቀጭኔን አየው፣ ዳቦ ጋጋሪውን አየው። ጋሼ ነጎድጓድን ግን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ክላርኔቱን አንስቶ የግቢውን ዘፈን ጀመረ።

ስሰማው በጣም ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነው። ክላርኔቱ ደረጃውን ሽቅብ ወጣ፣ ትራምፔቱ መለሰለት። ለዱም አፌን አዘጋጅቼ ስጠብቅ አባቴ ጣቱን በአየር ላይ አዞረ። ባንዱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ተሳስተው መሰለኝ። ሁለተኛውን ዙርም ጠበቅሁ፤ ደረጃውን ወጡ፣ ጣቱ ዞረ፣ ተመለሱ። እንደገናም እንደዚያው። አባቴ መጨረሻውን ረስቶታል። የገዛ ዘፈኑን፣ ያውም በሰው ፊት። ጆሮዬ ድረስ አፈርኩለት።

ሌሎቹ ግን ያስተዋሉ አይመስሉም። ሰው ሁሉ ከወትሮው ይበልጥ ይጨፍራል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነሱ። ዘበኛው በትሩን ጥሎ ከሥራ አስኪያጁ ሚስት ጋር ሲሽከረከር አየሁት። የደከመው ወጥቶ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ማንም «በቃኝ» አይልም። በየመሃሉ ከእትዬ ቤት አንዷ ሴት በሩ ላይ ትወጣለች። ያኔ የሁሉም አንገት ወደዚያ ይዞራል።

«ደረሰ?» ይላታል የቀረበው ሰው።

«ገና ነው።»

ወሬው እንደ ውሃ በሕዝቡ መሃል ያልፋል። ገና ነው። ገና ነው። ገና ነው አለች። መድረኩ ላይ ሲደርስ አባቴ ጣቱን ያዞራል።

ዳቦ ጋጋሪው አኮርዲዮኑን እያስተነፈሰ «ሆዴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእኔም ይጮሃል። ግቢው በሙሉ ምሳውን ትቶ የሚጠብቀው ይህ ሾርባ ምን ዓይነት ሾርባ ይሆን እያልኩ በሐሳቤ ሥጋውን አበዛበት ነበር።

አንድ ጊዜ ከቤቱ ውስጥ ከባድ ጩኸት ተሰማ። ቀጭኔ ፈጥኖ ትራምፔቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነፋው። ከዚያ ቀደም እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም፤ ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች በሙሉ ተነሱ። እትዬ እጇን ድስት አቃጥሏት ነው ብዬ አሰብኩ። መቶ አለቃው ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበርና ጆሮውን ይዞ «ይሄ ሰውዬ ሳንባው ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ በዛ።

ሁሉም በየተራ ሲያርፍ ጋሼ ነጎድጓድ ብቻ አላረፈም። ቀጭኔ ሲደክመው ክላርኔቱ ብቻውን ይሄዳል። ዳቦ ጋጋሪው ወርዶ ቁራሽ ዳቦ ጎርሶ ይመለሳል። ከበሮው ግን አይቆምም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ መዳፉ ላይ መሐረብ ጠቅልሏል። አናጺው መጥቶ «ጥቂት ላግዝህ» ሲለው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሄጄ «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልምታ» አልኩት። ለእኔም ራሱን ነቀነቀብኝ። ስስታም ነው አልኩ በልቤ። ሌላ ጊዜ እጄን ይዞ ያስመታኝ ነበር።

የራሴን የመጀመሪያ ልጅ አርግዤ ሳለሁ ነው እናቴ የነገረችኝ። እትዬ በዚያች ክፍል ውስጥ የእናቴን እጅ አጥብቃ ይዛ ነበር። መኪናው ሲገባ ሰምታለች። «ከበሮው እስከተሰማኝ ድረስ አለ ማለት ነው» አለቻት። «ካቆመ ወስደውታል ማለት ነው። እንዳያቆም ንገሩት።» እናቴ መልእክቱን በአንዷ ሴት ላከችለት። እሱም ያንን ቃል ከሰማ በኋላ ከበሮውን ለማንም አልሰጠም።

ያኔ ግን እኔ የማውቀው አባቴ እየተዋረደ መሆኑን ነው። ዘፈኑ ሲጀመር፣ ሲመለስ፣ ሲጀመር ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሊረዳው የሚችል ሰው ከእኔ በቀር የለም። መድረኩ ላይ ወጥቼ ሱሪውን ጎተትኩት። ጎንበስ አለልኝ። ከከንፈሩ ትንሽ ደም ወጥቶ ክላርኔቱ አፍ ላይ ደርቋል።

«አባዬ» አልኩ በጆሮው፣ «መጨረሻው እኮ ዱም ነው። ትራምፔቱ ከመለሰልህ በኋላ ከበሮው ዱም ይላል።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ መጨረሻውን አልወደድነውም» አለኝና ጣቱን አዞረ።

መልሱ አልጣመኝም። ከመድረኩ ወርጄ ግንዱ ላይ ከመቶ አለቃው አጠገብ ተቀመጥኩ። እግሩ በዘፈኑ ምት መሬት ይመታል፤ ዓይኑ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል።

«እህት» አለኝ፣ «ይሄ ዘፈን መጨረሻ የለውም እንዴ?»

«አለው» አልኩት ለአባቴ ክብር ስል። «ግን ሾርባው ስላልደረሰ ነው።»

«የምን ሾርባ?»

«የእትዬ። የጋሼ ነጎድጓድ ሚስት ናት፤ ያ ከበሮ የሚመታው። ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እያፈሉላት ነው። እማዬም እዚያ ናት፤ እማዬ ክሊኒክ ነው የምትሠራው። እትዬ እጇን እየተቃጠለች ትጮኻለች። እማዬ ገና ነው ትላለች። በጣም ወፍራለች እኮ፣ እህል ተስማምቷት።»

መቶ አለቃው እግሩን መምታት አቆመ። ዙሪያችን የቆሙ ሰዎች ሰምተውኛል፤ ዘበኛው ዓይኑን ጨፈነ። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው በዚያች ቅጽበት ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔ ግን እግሬን እያወዛወዝኩ ተቀምጫለሁ። መቶ አለቃው የተዘጋውን በር አየ። ከዚያ ጋሼ ነጎድጓድን አየ፤ እጁ ላይ ያለውን መሐረብ፣ ዓይኑ ከዚያ በር የማይነቀለውን ሰው። ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገና ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል።

«ሞተሩን ፈትሽ» አለው።

ሹፌሩ ባነነ። «ምን ሆነ፣ መቶ አለቃ?»

«ድምፁ አላማረኝም።»

«ስንመጣ ደህና ነበር እኮ።»

«እኔ አላማረኝም አልኩህ። ክፈተውና ፍታው። በደንብ ፍታው፤ ቀስ ብለህ።»

ሹፌሩ መቶ አለቃውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። የሞተሩን ክዳን አንስቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ጨርቅ ላይ መደርደር ጀመረ። መቶ አለቃው ወደ ግንዱ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መኪናው ተበላሸ» አለኝ። «ሾርባው ሲደርስ ንገሪኝ፣ እሺ?»

«እሺ። ለአንተም ይሰጡሃል» አልኩት። እግሩ እንደገና መሬት መምታት ጀመረ።

ፀሐይዋ የግንዱ ክምር ጫፍ ላይ ስትደርስ እናቴ በሩ ላይ ወጣች። የበዓል ቀሚሷ እጅጌ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

«ደረሰች» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ዳቦ ጋጋሪው አኮርዲዮኑን በመሃል ለቀቀው፤ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። ክላርኔቱ ቆመ፣ ትራምፔቱ ቆመ። ከበሮው ግን ቀጠለ። ጋሼ ነጎድጓድ ሰምቷል፤ እጁ ግን አልሰማም። አባቴ ሄዶ ትከሻውን ያዘው። አሁንም ይመታል። «ወንድሜ፣ በቃ» አለው አባቴ። «ማቆም ትችላለህ። አንተ ራስህ ግባላት።» ዱላዎቹን ከእጁ አንድ በአንድ ፈልቅቆ ወሰደለት። ያኔ ብድግ ብሎ ከመድረኩ ዘለለ፣ ሰጋቱራው ላይ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነስቶ ሮጠ።

ለሾርባ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሲወጣ በእጁ የያዘው ሰሃን አልነበረም። እትዬ ስትሰፋው ከርማ ባልጨረሰችው ሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነው። ተጠግቼ ሳይ ቀይ ፊት አለው፤ ተቆጥቷል። እናቴን እጇን ጎተትኳት።

«እማዬ፣ ክሊኒኩ ዛሬ ዝግ አይደል?»

«ዝግ ነበር» አለች። «ለዚህች ልጅ ሲባል ተከፈተ።»

«ሾርባውስ?»

ሳቁን ማን እንደጀመረ አላውቅም። ዘበኛው ይመስለኛል። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ እንባቸውን የሚጠርጉ ነበሩ፤ በሳቅ ብዛት መሰለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን በቅርጫት አምጥቶ ለሁሉም አደለ፤ ጎረቤቶችም ያላቸውን አወጡ። ለመቶ አለቃውም ተሰጠው። እሱ ግን ከመጉረሱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ልጅቷን አየ።

«ስሟ ማነው?»

«ገና ነው» አለ ጋሼ ነጎድጓድ፤ ድምፁ ያን ቀን ከወትሮውም ያነሰ ነበር።

«በዚህ ግቢ ከገና ነው ሌላ ቃል የላችሁም?» አለ መቶ አለቃው። ሰው እንደገና ሳቀ። ስሟን ቆይተው አወጡላት፤ ግቢው ግን እስከ ዛሬ «ደረሰች» እያለ ነው የሚጠራት።

ሹፌሩ ብሎኖቹን ቦታቸው ላይ መለሰ። መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ፤ ሹፌሩ «ተአምር ነው» እያለ ለመቶ አለቃው ሲያስረዳ ሰማሁት። ወጣቶቹ ቦርሳቸውን ይዘው እየተሳፈሩ ነው። እኔ ተሽቀዳድሜ ቀጭኔ ጋ ደረስኩ። ከመኪናው ላይ ሆኖ ያን ረጅም ክንዱን ወደ ታች ዘረጋልኝ።

«ከጥሪው ኬክ ይዘህልኝ ና» አልኩት።

ለአፍታ አልገባውም። ከዚያ ገባውና ፊቱ በሙሉ በራ። «ትልቁን ቁራሽ ነው የማመጣልሽ» አለ። «አበባ ያለበትን።»

ጋሼ ነጎድጓድ ልጅቷን ለእናቴ ሰጥቶ መጨረሻ ላይ ተሳፈረ። እትዬ አልጋዋ ላይ ናት፤ መስኮቱ ክፍት ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አባቴ ወደ መድረኩ ወጥቶ ከበሮው ላይ ተቀመጠ። ከበሮ መምታት አይችልም፤ ምቱ አንዴ ይቀድማል አንዴ ይዘገያል። ቢሆንም መታ። የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ እስኪጠፋ መታ። ያች ሴት አልጋዋ ላይ ሆና የምትሰማው ዝምታ እንዳይሆን ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በስተመጨረሻ ከበሮው ለሰው ተለቀቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። አንዱን ዱላ ሰጠኝ፤ አብረን መታን።

ጦርነቱ ጥቂት ቆይቶ ተጀመረ። ቀጭኔ አልተመለሰም። ይህን ሲነግሩኝ ከፍ ብዬ ነበር፤ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነም ሌላውን ትርጉሙን አውቄያለሁ። እስከዚያ ግን በሩ ሲመታ ሁሉ አበባ ያለበት ኬክ ይመጣል ብዬ ተነስቻለሁ፤ ጎንበስ ማለት የሚረሳው እሱ ነውና ግንባሩ እንዳይመታ «ጎንበስ» ለማለት ጭምር። መቶ አለቃውን ዳግም ያየው የለም። እናቴ ስሙን ሳታውቅ ስታመሰግነው ኖራ አርፋለች።

ጋሼ ነጎድጓድ የተመለሰው በተራ ቀን፣ ጠዋት ላይ ነው። እኔ እትዬ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ደረሰችን እጠብቅ ነበር፤ እትዬ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። በግቢው በር አንድ ቀጭን ሰው ገባ። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ ቦት ጫማው ጭቃ ለብሷል። ፊታችን መጥቶ ቆመና ልጅቷን አያት። እኔ አወቅሁት። ልናገር አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ደረሰች አፏን የፈታችው በቅርቡ ነበር፤ የምትናገረውም የእናቷን ቃል ነው፣ ከነቁጣው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ መግቢያውን ዘጋችበት።

«ማነህ?»

«እንግዳ ነኝ» አለ፣ በዚያ ሚስጥር በሚመስል ድምፁ።

ከላይ እስከ ታች አየችው። ቦት ጫማው ላይ ስትደርስ ፊቷን አጨማደደች።

«እማማ ወለል አጥባለች» አለች። «ጫማህን ጥረግ።»

ጋሼ ነጎድጓድ ጎንበስ ብሎ ደጃፉ ላይ ባለው ጆንያ ጫማውን መጥረግ ጀመረ። ቀኙን ጠረገ፣ ግራውን ጠረገ፣ ተመልሶ ቀኙን ጠረገ። ጭቃው ካለቀ በኋላም ጠረገ። ደረሰች እያንዳንዱን እያየች ቆማለች። እሱ ቀና አላለም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ልጅቷ ቆየችና ጎንበስ ብላ በትንሿ እጇ ጫማውን ነካ አደረገች፤ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«ጸድቷል» አለች። «ግባ።»